ቢልዱ አልቆ ዴስክቶፑ ሲወድቅ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አራት ኪሎ ወይም አምስት ኪሎ አካባቢ ካፌ ገብታችሁ፣ ማኪያቶው ቀዝቅዞበት ተርሚናሉ ላይ ጽሑፍ ሲጎርፍ አፍጥጦ የሚያይ ልጅ ካገኛችሁ ምናልባት ትልቅ ነገር ኮምፓይል እያደረገ፣ ማለትም ሶርስ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም እየቀየረ ነው። ከነዚህ መካከል ኬዲኢ ፕላዝማ የሚባለውን የሊኑክስ ዴስክቶፕ ከሶርስ ኮድ የሚገነቡ (ቢልድ የሚያደርጉ) አሉ። አንዳንዱ ኮድ ማበርከት ፈልጎ ነው። አንዳንዱ የሜኑዎቹን የአማርኛ ትርጉም በቦታቸው ሊያይ ነው። አንዳንዱ ደግሞ እንዲሁ ደስ ስለሚለው። ቢልዱ ያልቃል፣ ሎግኢን ይደረጋል፣ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ስለሚሠሩ ስህተቶች ነው። ምሳሌዎቼ ከፕላዝማ ናቸው፤ ግኖምን (ሌላውን የሊኑክስ ዴስክቶፕ) ለሚገነባ ሰውም አብዛኛው ይጠቅማል። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ራሳችን በገነባነው ዴስክቶፕ ላይ የምናየው ክራሽ (የፕሮግራም ድንገተኛ መውደቅ) ብዙውን ጊዜ የኮዱ ጥፋት አይደለም። አሮጌና አዲስ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) አንድ ፕሮግራም ውስጥ ገብተው ሳይግባቡ ሲቀሩ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ኮዱን ከመክሰስ በፊት የወደቀው ማን እንደሆነ፣ ምን ይዞ እንደወደቀ ማወቅ ይቀድማል።

"ዴስክቶፑ ክራሽ አደረገ" ብሎ መነሳት

ዴስክቶፕ የሚባል አንድ ፕሮግራም የለም። ፓነሉንና ከጀርባ ያለውን ምስል የሚያሳየው ፕላዝማሼል ነው። መስኮቶቹን የሚያንቀሳቅሰው ኬዊን ነው። ከነሱ ጎን ደግሞ የማይታዩ ብዙ አገልጋዮች አሉ። "ወደቀ" ያልነው የትኛው ነው?

ፓነሉ ጠፍቶ የከፈታችኋቸው መስኮቶች ካሉ የወደቀው ፕላዝማሼል ነው። እሱ ቀላል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ተመልሶ ይነሳል። ካልተነሳ ከተርሚናል "ሲስተምሲቲኤል --ዩዘር ሪስታርት ፕላዝማ-ፕላዝማሼል" ማለት ይበቃል። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ጨልሞ ወደ ሎግኢን ገጽ ከመለሳችሁ ግን ጠርጥሩ ኬዊንን። በዌይላንድ (ፕሮግራሞች ስክሪን ላይ የሚወጡበት አዲሱ ሥርዓት) ላይ ስክሪኑን የያዘው ራሱ ኬዊን ነው። ፕላዝማ 6 በየካቲት 2024 (በፈረንጆቹ) ሲወጣ ዌይላንድን ዋና ምርጫ ስላደረገ፣ ዛሬ አዲስ የሚገነባ ሰው ባይመርጠውም እዚያው ነው ያለው። ከዚያ ስሪት ጀምሮ ኬዊን ወድቆ ሲነሳ በኪውት (ኬዲኢ በተሠራበት የላይብረሪ ስብስብ) የተሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች ሳይዘጉ ሊተርፉ ይችላሉ። ስለዚህ "መስኮቶቼ ስለተረፉ ኬዊን አልወደቀም" ማለትም አያዋጣም።

ማን እንደወደቀ ሎጉ (ሲስተሙ የሚጽፈው መዝገብ) ላይ ካያችሁ በኋላ የሲግናሉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ እንዴት እንደቆመ የሚናገረውን፣ ቁጥር እዩ። 11 ከሆነ ፕሮግራሙ የሱ ያልሆነ ሜሞሪ ነክቷል። 6 ከሆነ ራሱን በራሱ አቁሟል፤ እንዲህ ሲሆን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከላይ ባለው መስመር በግልጽ ተጽፏል፣ ያውም በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር። ይህን መስመር ዘሎ ባክትሬስ (ፕሮግራሙ እስከወደቀበት ድረስ የተጠሩት ክፍሎች ዝርዝር) ውስጥ ሰዓታት የሚጠፋ ሰው ብዙ ነው።

9 ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ አልወደቀም፤ ተገድሏል። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ከኋላ ስምንት ፋይል በአንድ ጊዜ ኮምፓይል እያደረጋችሁ ከሆነ ገዳዩ የታወቀ ነው። ሜሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) አንዱን መርጦ ይገድላል፣ የመረጠውም ዴስክቶፓችሁ ሊሆን ይችላል። የከርነሉን ሎግ በ"ጆርናልሲቲኤል -ኬ" እዩ፤ "አውት ኦፍ ሜሞሪ" የሚል ካገኛችሁ የምትፈልጉት ባግ የለም። ከባድ የሲ++ ፋይሎች እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊበሉ ስለሚችሉ የሥራውን ቁጥር ወደ 3 ወይም 4 አውርዱት። ቢልዱ ይረዝማል፤ ዴስክቶፑ ግን አይወድቅም።

ከዲስትሮው ፋይሎች ላይ መጫን

"ሱዶ ሜክ ኢንስቶል" ብሎ ቀጥታ ዩኤስአር ውስጥ፣ ማለትም ዲስትሮው (ኡቡንቱን የመሰለው የሊኑክስ ስርጭታችሁ) ፋይሎቹን በሚያስቀምጥበት ማውጫ መጫን። አታድርጉት። የፓኬጅ ማኔጀሩ የሚያውቀውን ፋይል እሱ ሳያውቅ ትቀይሩበታላችሁ፤ በሚቀጥለው አፕዴት እሱ ደግሞ እናንተ ሳታውቁ ይመልሰዋል። ኬዲኢ-ቢልደር (ኬዲኢን ከሶርስ የሚገነባው መሣሪያ) ሁሉንም ነገር ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ፣ ኬዲኢ በሚባል ማውጫ ሥር የሚጭነው ያለምክንያት አይደለም። ፎልደሩን ብታጠፉት ኮምፒውተራችሁ ከሞላ ጎደል እንደነበረ ነው። ከሎግኢን ገጹ ላይ የዲስትሮው ሴሽን ሁልጊዜ እንዲኖራችሁም አድርጉ፤ የራሳችሁ ሲወድቅ የምትገቡበት እሱ ነው።

አሮጌውንና አዲሱን ማደባለቅ

እዚህ ላይ ቆየት እንበል፤ አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ብዙ ሰው ኪውትን ራሱን አይገነባም፤ ከዲስትሮው ይወስዳል፣ ከሱ በላይ ያለውን የኬዲኢ ፍሬምዎርክስና ፕላዝማን ብቻ ይገነባል። ትክክል ነው፤ ኪውትን መገንባት ለራሱ ሌላ ሥራ ነው። ነገር ግን ኬዊንና አንዳንድ የፕላዝማ ክፍሎች ኪውት "የግል" ብሎ ያስቀመጣቸውን የውስጥ ክፍሎች ይጠቀማሉ። እነዚህ ክፍሎች ከስሪት ወደ ስሪት ሳይነገር ይቀየራሉ። ስለዚህ ዲስትሮው ማታ አፕዴት ሲያደርግ ኪውት ከ6.7 ወደ 6.8 ከሄደ፣ ትናንት ሲሠራ የነበረው ኬዊናችሁ ጠዋት ላይነሳ ይችላል። እናንተ አንድ መስመር ኮድ አልነካችሁም። "ምንም አልቀየርኩም እኮ!" የሚባለው እዚህ ጋ ነው። መፍትሔው ባግ መፈለግ አይደለም፤ ኪውት ከተቀየረ እነዚህን ክፍሎች ከባዶ እንደገና መገንባት ነው። በኬዲኢ-ቢልደር "--ሪፍሬሽ-ቢልድ" የሚለው ትእዛዝ የቢልድ ፎልደሩን ጠርጎ ይጀምራል።

ለእኛ አገር ተጠቃሚ ደግሞ የተለየ ወጥመድ አለ፤ የአማርኛ ኪቦርዱ። አይባስ ወይም ፋይቲኤክስ የሚሉት የማስገቢያ ፕሮግራም በየኪውቱ ፕሮግራም ውስጥ እንደ ፕለጊን (ተጨማሪ ክፍል) ይገባል። የፋይቲኤክስ ፕለጊን ለብቻው የሚገነባ ነው፣ እሱም የኪውትን የግል ክፍሎች ይነካል። ኪውትን ራሳችሁ ገንብታችሁ ፕለጊኑን ከዲስትሮው ብትወስዱት ሁለት ነገር ይገጥማችኋል። ወይ ፕለጊኑ አይገኝም፤ ፊደሉ ጠፍቶ በላቲን ብቻ ትቀራላችሁ። ወይ ይገኝና አይስማማም፤ ጽሑፍ መጻፊያ ሳጥን ላይ ክሊክ ባደረጋችሁ ቁጥር ፕሮግራሙ ይዘጋል። ክራሹ እየመጣ ያለው ጽሑፍ ልትጽፉ ስትሉ ብቻ ከሆነ የማስገቢያውን ፕለጊን አጥፍታችሁ ሞክሩ። ለዚህ "ኪውት_አይኤም_ሞጁል" የሚለውን ኢንቫይሮመንት ቫርያብል (ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚያነበውን ቅንብር) ባዶ አድርጎ ፕሮግራሙን ከተርሚናል ማስነሳት በቂ ነው። መዝጋቱን ካቆመ ጥፋተኛውን አገኛችሁ።

ድብልቁን በዓይን ማየትም ይቻላል። እየሠራ ያለ ፕሮግራም የጫናቸው ላይብረሪዎች በሙሉ "ፕሮክ" በሚባለው ማውጫ ሥር፣ በፕሮሰሱ ቁጥር፣ "ማፕስ" በሚል ፋይል ውስጥ ተዘርዝረዋል። የፕላዝማሼልን ከፍታችሁ "ኬኤፍ6" (የኬዲኢ ፍሬምዎርክስ ምልክት) የሚለውን ብቻ አጣሩ። መስመሮቹ በሙሉ ከሆም ፎልደራችሁ መምጣት አለባቸው። ሰባቱ ከሆም መጥተው ስምንተኛው "ዩኤስአር/ሊብ" የሚል ከሆነ እሱን ያዙት፤ ያ ክፍል ወይ አልተገነባም፣ ወይ ተገንብቶ አልተገኘም። አንዳንዶች ለዚህ "ኤልዲዲ" ይጠቀማሉ። ኤልዲዲ የሚነግራችሁ ከዚያ ተርሚናል ብታስነሱት ምን እንደሚጭን ነው። በሎግኢን የተነሳው ሴሽን ሌላ ኢንቫይሮመንት ሊኖረው ይችላል። በዲባስ ወይም በሲስተምዲ፣ ማለትም ከጀርባ በሚያስነሷቸው ሥርዓቶች፣ የሚነሱ አገልጋዮችማ ተርሚናላችሁ ላይ "ፕሪፊክስ" የሚለውን፣ የቢልዳችሁን ቦታ የሚያሳየውን ስክሪፕት ስላስገባችሁ ብቻ ምንም አይሰሙም። እየሠራ ያለውን ፕሮግራም ራሱን ጠይቁ እንጂ ስለሱ አትገምቱ።

"አንዲፋይንድ ሲምቦል" (የሚፈለገው ስም ላይብረሪው ውስጥ የለም) የሚል መልእክት ካያችሁ ደግሞ ብዙ አትድከሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ድብልቅ ነው።

ክራሹ ካለፈ በኋላ መረጃ መሰብሰብ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ፕሮግራሙ ሲወድቅ የሜሞሪውን ቅጂ፣ ማለትም ኮር ዳምፑን፣ የሚያስቀምጥ ነገር አስቀድሞ ካልተዘጋጀ በኋላ የምታገኙት ነገር የለም።

ኡቡንቱ ላይ ያለ ሰው በተለይ ይህን ልብ ይበል። እዚያ ክራሽ የሚይዘው አፖርት ነው። አፖርት ደግሞ ከፓኬጅ ያልመጣን ፕሮግራም አይቆጥረውም፤ "የማንም ፓኬጅ አይደለም" ብሎ ይተወዋል። ራሳችሁ የገነባችሁት በሙሉ ለሱ የማንም ነው። "ሲስተምዲ-ኮርዳምፕ" የሚለውን ፓኬጅ ጫኑ፤ ዴቢያን ላይም በነባሪ አይመጣም። ከዚያ "ኮርዳምፕሲቲኤል ሊስት" ስትሉ የወደቀው ሁሉ ከነሰዓቱና ከነሲግናሉ ይዘረዘራል። "ኮርዳምፕሲቲኤል ዲበግ" ካላችሁ የመጨረሻውን በጂዲቢ (የፕሮግራም መመርመሪያ) ይከፍትላችኋል።

ስለ ሰዓት ካነሳን፦ ጓደኛችሁ "ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ወደቀብኝ" ካላችሁ ሎጉ ላይ የምትፈልጉት 10:00 ነው። 04:00 ላይ ያለው ከተማው በሙሉ የተኛበት ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ሲጫን የሰዓት ክልሉ ዩቲሲ ላይ ተትቶ ከሆነ ደግሞ 07:00 ይሆናል። ቀላል ይመስላል፤ ሁለት ሰዎች በስልክ ሲነጋገሩ ግን እውነት ግማሽ ሰዓት ያስጨርሳል።

የጥያቄ ምልክት የሞላበት ባክትሬስ

ጂዲቢ ከፍታችሁ "ቢቲ" ስትሉ መስመሩ ሁሉ ጥያቄ ምልክት ከሆነ ዲበግ ሲምቦል (የኮዱን ስሞችና መስመሮች የሚያሳየው መረጃ) የለም። ቢልዱን "ሪልዊዝዴብኢንፎ" በሚለው ዓይነት አድርጉት፤ ፍጥነቱን ሳያጠፋ ሲምቦሉን ይይዛል። የዲስክ ቦታ ግን ይበላል፣ ተዘጋጁ።

የዲስትሮው ላይብረሪዎች ሲምቦል በዲበግኢንፎዲ በኩል ከኢንተርኔት ይወርዳል። ጂዲቢ "ላውርድ?" ብሎ ሲጠይቅ በሞባይል ዳታ ላይ ሆናችሁ እሺ አትበሉ። የኪውትና የሜሳ (የግራፊክስ ድራይቨሮች ስብስብ) ሲምቦሎች ከባድ ናቸው፤ የዳታ ፓኬጁ ባክትሬሱ ሳይወጣ ሊያልቅ ይችላል። ዋይፋይ ያለበት እስክትደርሱ ቆዩ። ኮር ዳምፑ ለጥቂት ቀናት የትም አይሄድም፤ አንዴ የወረደው ሲምቦልም ካሽ ውስጥ ይቀመጣል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት፦ ክራሽ እንዳዩ ወዲያው እንደገና መገንባት። አዲሱ ፋይል በአሮጌው ቦታ ከተተካ የያዛችሁት ኮር ዳምፕ ከፋይሉ ጋር አይገጥምም። ባክትሬሱ ይወጣል፤ ግን ውሸት ነው። መጀመሪያ አንብቡ፣ ከዚያ ገንቡ።

የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ማንበብ

ከላይ "ሊብኪውት6ኮር" ስለተጻፈ ጥፋቱ የኪውት ነው ማለት አይደለም። ሬሳ የተገኘበት ቦታ ሁሉ የተገደለበት አይደለም። አንድ ክፍል ቀድሞ የጠፋን ነገር ለኪውት አሳልፎ ይሰጣል፤ ኪውት ሲነካው ይወድቃል። ወደ ታች ውረዱና የኪውት ያልሆነውን የመጀመሪያ ስም ፈልጉ። መስመሮቹ ውስጥ "ኪውቪ4" የሚል ከበዛ የሚሠራው ኪውኤምኤል (ዊጀቶች የሚጻፉበት ቋንቋ) ነው፤ ያኔ በቅርቡ ያወረዳችሁት ሌላ ሰው የሠራው ዊጀት ካለ አውጡትና ሞክሩ። የአየር ሁኔታ የሚያሳይ ትንሽ ዊጀት ፕላዝማሼልን በሙሉ ይዞ ሊወድቅ ይችላል።

ባክትሬሱ በየጊዜው ሌላ ቦታ የሚያሳይ ከሆነ ሜሞሪው ከዚያ በፊት ተበላሽቷል። እንዲህ ላለው አድሬስ ሳኒታይዘር (የሜሞሪ ስህተት የሚይዝ የኮምፓይለር መሣሪያ) አለ። የተጠረጠረውን ክፍል ብቻ በሱ ገንቡት፤ ፕሮግራሙ ሁለት እጥፍ ያህል ይንቀራፈፋል፣ ግን ስህተቱ በተፈጠረበት ቦታ ላይ ያቆማል። ቫልግራይንድ የሚባለው የሜሞሪ መመርመሪያም ይሠራል፤ ሙሉ ዴስክቶፕ በሱ ማስነሳት ግን ትዕግሥት ይፈታተናል።

ኬዊንን ከራሱ ስክሪን ላይ ሆኖ መያዝ

ይህ አስቂኝ ነው። ተርሚናል ትከፍታላችሁ፣ ጂዲቢን ኬዊን ላይ ታያይዛላችሁ፣ ኬዊን ይቆማል። ተርሚናሉን ስክሪን ላይ የሚያሳየው ማን ነበር? ኬዊን። ሁሉም ነገር ደርቆ ይቀራል፤ "ቀጥል" የምትሉበት መስኮትም አይታይም። ኮንትሮል፣ አልት፣ ኤፍ3 ተጭናችሁ ወደ ጽሑፍ ኮንሶል ለመውጣት ብትሞክሩም ኬዊን ስለቆመ ላይሰማ ይችላል።

ከሌላ ማሽን በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ተርሚናል መክፈቻ) ግቡ። ሌላ ላፕቶፕ ከሌለ አንድሮይድ ስልክ ላይ ተርመክስ የሚባለውን ተርሚናል ጫኑና በዚያው ዋይፋይ ግቡ፤ ጣት ያደክማል እንጂ ይሠራል። ክራሹ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የማይያያዝ ከሆነ ደግሞ ኬዊንን በመስኮት ውስጥ እንደ ተራ ፕሮግራም ማስነሳት ይቻላል፤ ስፋትና ቁመት ሰጥታችሁ ታስነሱታላችሁ፣ ሲወድቅ መስኮቱ ብቻ ይዘጋል። ካርዱ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለመለየት "ሊብጂኤል_ኦልዌይስ_ሶፍትዌር" የሚለውን ኢንቫይሮመንት ቫርያብል 1 አድርጉት። ሥዕሉን ፕሮሰሰሩ ይሠራዋል፤ ቀርፋፋ ነው። ክራሹ ከቆመ ግን ድራይቨሩን ጠርጥሩ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆመበት መቀጠል

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ እየገነባችሁ መብራት ከጠፋ፣ ሲመለስ "ኒንጃ" ብሎ መቀጠል ያጓጓል። ብዙ ጊዜም ይሠራል። ሳይሠራ ሲቀር ግን ግራ ያጋባል። ዲስክ ላይ ሳይጻፍ የቀረ ፋይል ስሙ አለ፣ ውስጡ ባዶ ወይም ግማሽ ነው። ቢልዱን የሚያስኬደው ኒንጃ የፋይሉን ሰዓት አይቶ "ይሄ አልቋል" ሊል ይችላል። ላይብረሪው ሲጫን ግማሽ ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ በሲግናል 7 ይወድቃል። በተለመደው ፒሲ ላይ 7 እምብዛም አይታይም፤ ካያችሁት መጀመሪያ የተቆረጠ ፋይልና የሞላ ዲስክ ፈልጉ። መብራቱ ሲጠፋ ይገነባ የነበረውን ክፍል ጠርጋችሁ ገንቡት። የሶርሱን ፎልደር በ"ጊት ኤፍኤስሲኬ" ፈትሹ፤ ጊት ኮዱን ከነለውጥ ታሪኩ የሚይዘው መሣሪያ ነው። ሲካሽ (ኮምፓይል የተደረገውን አስቀምጦ መልሶ የሚሰጥ) የምትጠቀሙ ከሆነ እሱንም ተጠራጠሩት፤ የተበላሸ ፋይል እሱ ጋ ከተቀመጠ ደጋግሞ ይሰጣችኋል።

በዚህ ላይ አሮጌ ማሽን ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሊያልቅ ይችላል። ያቺ ክብ ሲአር2032 ከሞተች፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ያኔ የትናንቱ ፋይል "የወደፊት" ፋይል ይሆናል፤ የቀየራችሁት ኮድ ሳይገነባ ይቀራል። "ሜክ" በ"ክሎክ ስኪው" ማስጠንቀቂያ ይናገራል፤ የሚያነበው ግን የለም። ጊት ከኢንተርኔት ማውረድ ሲያቅተውና ሰርተፊኬቱን ሲወቅስም መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። ባትሪዋ ርካሽ ናት፤ ቀይሯት።

ኮንፊጉን ማጥፋት

"ዶት ኮንፊግን አጥፋው" የሚለው ምክር፣ ማለትም የፕሮግራሞቹ ቅንብር ያለበትን ፎልደር ሰርዘው የሚለው፣ በየቴሌግራሙ አለ። አንዳንዴ ይሠራል፤ ለምን እንደሠራ ግን አታውቁም፣ ማስረጃውም አብሮ ጠፍቷል። መጀመሪያ አዲስ ዩዘር ፍጠሩና በሱ ግቡ። እዚያም ከወደቀ ኮንፊጉ ነፃ ነው። ካልወደቀ የፕላዝማን ፋይሎች አንድ በአንድ ስማቸውን ቀይሩ እንጂ አታጥፉ። የፓነሉና የዊጀቶቹ ዝርዝር ያለው "አፕሌትስአርሲ" በሚል በሚያልቀው ፋይል ውስጥ ነው፤ ፕላዝማሼል ብቻውን የሚወድቅ ከሆነ ከሱ ጀምሩ።

ምርመራ ላይ እያሉ አፕዴት ማድረግ

"ምናልባት አዲሱ ላይ ተስተካክሎ ይሆናል" ብሎ ሁሉንም ጎትቶ መገንባት። ተስተካክሎ ከነበረ ጥሩ። ካልነበረ አሁን የሚንቀሳቀሱ ነገሮች በዙባችሁ። ምርመራው እስኪያልቅ "--ኖ-ኤስአርሲ" ብላችሁ ሶርሱ ባለበት ይቁም። የትኛው ለውጥ እንዳመጣው ማወቅ ካለባችሁ አንዱን ክፍል ብቻ ይዛችሁ "ጊት ባይሴክት" አድርጉ፤ ለውጦቹን በግማሽ በግማሽ እየከፈለ ይፈልጋል። 1000 ለውጥ መካከል ቢሆን እንኳ 10 ያህል ሙከራ ይበቃል።

ሪፖርቱን በስክሪንሾት መላክ

ባክትሬስ በፎቶ አይነበብም፤ አይፈለግም፣ አይቀዳም። ጽሑፉን በሙሉ ፋይል አድርጋችሁ አያይዙ። "ትሬድ አፕላይ ኦል ቢቲ" ብላችሁ የሁሉንም ትሬድ (ፕሮግራሙ ጎን ለጎን የሚሠራባቸው መስመሮች) አውጡ፤ የሚያግደው ሌላኛው ትሬድ ሊሆን ይችላል። የኪውቱን ስሪት፣ የወደቀውን ክፍል የኮሚት (የኮድ ለውጥ) ቁጥር፣ ዌይላንድ ይሁን የቀድሞው ኤክስ11፣ የግራፊክስ ካርዱንና ድራይቨሩን ጻፉ። ከሶርስ የገነባችሁ መሆኑን አትደብቁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ባክትሬሱን ራሱንም ከመላካችሁ በፊት አንድ ጊዜ አንብቡት፤ የፋይል ስምና የዩዘር ስም ሊይዝ ይችላል።

ኮር ዳምፑን ግን ለማንም አትስጡ፣ ግሩፕ ላይም አትጫኑት። ፕሮግራሙ በወደቀበት ቅጽበት ሜሞሪው ላይ የነበረው ሁሉ እዚያ አለ። ኮፒ ያደረጋችሁት ፓስወርድ ክሊፕቦርድ ላይ ከነበረ እሱም አለ።